የቤዛዊት ባዲ

ቪዲዮውን ሁለቴ አይቼ፣ ልብ ከላክሁላት በኋላ ነው ያስተዋልኩት። አሸዋው ላይ ያለው ጥላ አንድ ብቻ ነው።

ልጄ ቤዛዊት ማልታ ናት። ያለ ኦክስጅን ጠርሙስ፣ ትንፋሿን ብቻ ይዛ ባሕር ውስጥ ትጠልቃለች። ቪዲዮውን የቀረጸችው ራሷ ናት፤ ቋጥኙ፣ ላዩ ላይ የሚወዛወዘው ሣር፣ ከሥሩ ነጭ አሸዋ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትነሳ፣ «ማሚ፣ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ተንሳፍፎ ይጠብቃል፤ ብቻዬን አልወርድም» ብላ ምላልኛለች። ታዲያ የጠባቂዋ ጥላ የታለ?

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ፓርኪንግ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እደውላለሁ። እኔ ጋ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ እሷ ጋ መሽቷል።

የወንድ ድምፅ ያነሳል፤ ከኋላው መስመሩ ሹሹ ይላል። «ሄሎ? ኖህ ነኝ፣ ከሎረል አብሬያት የመጣሁት።»

«ቤዛስ?»

«አሁን ማውራት አትችልም።»

«አጠገቧ ማን አለ?»

«ባዲዋ እዚህ ነው። አይዞህ፣ እማማ።»

አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ወንድና ሴት ይቀላቅላል። «አይዞህ» ማለቱን አልፈዋለሁ። ባዲ የምትለዋን ቃል ግን አውቃታለሁ። እኛ ሥራ ቦታ ሰው ሲያርፍ፣ ተሸፍኖ በጓሮ በር የሚወጣው ባዲ ነው። ከዚያ ወዲያ በስሙ የሚጠራው የለም።

«የት አስቀመጣችኋት?» ድምፄ የእኔ አይመስልም።

«ሻወር ውስጥ። በጣም ቀዝቅዛ ነበር።»

መሪውን ጨብጬ እቀራለሁ። ከዚያ የውሃ ድምፅ፣ የበር ድምፅ፣ የእሷ ድምፅ።

«ማሚ? ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» ኖህ የሆነ ነገር ይነግራታል፤ ትስቃለች። «ባዲ እኮ ጓደኛ ማለት ነው። ከላይ ሆኖ የሚጠብቀኝ። ራሱ ኖህ።»

አልስቅም። «ቪዲዮሽ ላይ፣ ከታች ያለው ጥላ ያንቺ ብቻ ነው።»

ሳቋ ይቆማል። «ኖህ የመጥለቂያ ማስኩ ውሃ ገብቶበት ወደ ዳርቻው ድንጋይ ሄዶ ነበር። ለአንድ ደቂቃ።»

«ሲመለስ የት ነበርሽ?»

«ላይ። እንዴት እንደወጣሁ ግን አላስታውስም።»

«ነገ አልወርድም በዪኝ።»

«ደክሞኛል፣ ማሚ።»

«እሺ፣ ክፍልሽ ግቢና ቆልፊ። እስክትቆልፊ ስልኩን አልዘጋም።»

ባዶ እግሯን ጠጠር ላይ ስትራመድ ይሰማኛል። ነገ አልወርድም አላለችም። በሩ ይገጥማል፤ ቁልፉ ሁለቴ ይዞራል። የመስመር ችግር ነው ብዬ የቆየሁት ሹሹ የሚል ድምፅ በአንዴ ጸጥ ይላል።

ለካ ባሕሩ ኖሯል።