ምስክሯ ሳህን

ዘጠኙም ሳህኖች ንጹህ ናቸው። ተለማማጇ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳች ታያቸዋለች። ከትናንቱ ወተት ጠብታ ተደርጎባቸው በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ያደሩ ናቸው፤ ወተቱ ጀርም ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ ቀይ ቀይ ነጥብ አብቅለው ይገኙ ነበር። አንድም ነጥብ የለም።

"ዶክተር፣ ምን ይላል?" ይላሉ እትዬ ከጠረጴዛቸው።

እትዬ የወተት ፋብሪካው ላቦራቶሪ ኃላፊ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሁሉ ለእሳቸው "ዶክተር" ነው፣ እስኪሳሳት ድረስ።

"ሁሉም ንጹህ ነው፣ እትዬ።"

"ምስክሯስ?"

"ያው እንደ ወትሮዋ ናት።" ምላሷ ከዓይኗ ቀደመ።

ከውጭ የጭነት መኪናው ጥሩንባ ይጮሃል። "እናንተ ሰዎች! ወተቱ ጡረታ ሊወጣ ነው እንዴ?" ይላል ሹፌሩ።

"ያንተ አፍ ይቅደም!" ይመልሳሉ እትዬ፤ ቀና እንኳ አይሉም። የወተቱን የመልቀቂያ ወረቀት ይፈርሙና ሌላ ወረቀት ይስባሉ፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጣውን የልጅቷን የግምገማ ቅጽ። የሁለት ወር ልምምዷ ዛሬ ያልቃል። ልጅቷ በጎን ዓይኗ አይታዋለች። "ጥንቃቄ" ከሚለው ፊት ለፊት "እጅግ በጣም ጥሩ" ተጽፏል።

ምስክሯ አሥረኛዋ ሳህን ናት። እትዬ በየቀኑ ሆን ብለው የቦይ ውሃ ጠብ ያደርጉባታል። "ዘጠኙ 'ንጹህ ነን' ቢሉ ማን ያምናቸዋል? እሷ ካልቆሸሸች ማሞቂያው አልሠራም ማለት ነው" ብለዋት ነበር በመጀመሪያው ቀን። ልጅቷም ጽፋው፣ ከሥሩ ሁለቴ አስምራበታለች። ከዚያ በኋላ ምስክሯ ጠዋት ጠዋት ቆሻሻ ሆና ተገኘች። ጠዋት ጠዋት ቆሻሻ የሆነን ነገር ደግሞ ማን ዓይኔ ብሎ ያየዋል? መዝገቡ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ቀረ።

አሁን ባልዲው ውስጥ ልትጥላት ታነሳታለች። ጥርት ያለች ንጹህ ናት።

ልጅቷ ትገለብጣታለች፤ ትመልሳታለች። እጇን ሳጥኑ ውስጥ ትከታለች። ግድግዳው ከማቀዝቀዣው ክፍል ጋር የተጣበቀ ነው፤ ሳጥኑም እንደ ግድግዳው ይበርዳል። የሳጥኑ መብራት እሷ ሳትመጣ የተቃጠለ ነው። ዓይኗ ገመዱን ተከትሎ ከጠረጴዛው ጀርባ ይወርዳል። መሰኪያው ወለል ላይ እንደ ሞተ አይጥ ተጋድሟል። በቦታው፣ ማንም እንዳይወስድባት በጥፍር ቀለም ምልክት ያደረገችበት የገዛ ስልኳ ቻርጀር ተሰክቷል።

ሰኞ ዕለት ነበር። ስልኳ ሊጠፋ ሲል፣ "ለአሥር ደቂቃ" ብላ ነቀለችው።

ዛሬ ሐሙስ ነው።

ጎንበስ ብላ ቻርጀሯን ትነቅልና መሰኪያውን ትሰካለች። ሳጥኑ ያጉረመርማል። ማንም አላየም። ወተቱ እኮ ደህና ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ሁለት ወር ሙሉ መቼ ታሞ ያውቃል?

"ዶክተር! እግርሽ ተተከለ? በይ ሮጠሽ ስጪልኝ፣ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ነው።"

ምስክሯን ከኋላዋ ደብቃ ወረቀቱን በሌላው እጇ ትቀበላለች። እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነው። ሹፌሩ ክንዱን በመስኮት ዘርግቶ ይጠብቃል።

"አምጪ እንጂ እህቴ፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ብርጭቋቸውን እየደበደቡ ነው" ይላል እየሳቀ።

አንድ እርምጃ ነው የቀራት።

"እትዬ" ትላለች ዞር ሳትል። "ምስክሯ ንጹህ ናት።"

የብዕሩ ድምፅ ይቆማል። እትዬ ተነስተው ሳጥኑን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። "ይሞቃል እኮ" ይላሉ፤ ፊታቸው ፈታ ይላል። "የቦይ ውሃውን እኔው ረስቼው ይሆናል። እርጅና ነው፣ ልጄ።"

ይኸው፣ በሩ ተከፍቶላታል። ዝም ብትል ይበቃል።

"አሁን ነው የሰካሁት" ትላለች።

ሹፌሩ መሳቁን ይተዋል። እትዬ አይቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። መጥተው ወረቀቱን ከእጇ ወስደው ለሁለት ይቀድዱታል።

"ሞተሩን አጥፋ" ይላሉ ለሹፌሩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ ሰምታው በማታውቀው ቀስ ያለ ድምፅ፣ "አንቺ ልጅ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ዶክተር አላሏትም።

መዝገቡን ይገልጣሉ። ማክሰኞ፣ ምስክር፦ ምልክት። ረቡዕ፣ ምስክር፦ ምልክት። ሁለቱም በእሷ እጅ፣ ባማረ ቀለም። ልጅቷ አንድ ጣቷን ታነሳለች። አንድ ወተት ጭኖ የወጣ መኪና። ከዚያ ሁለተኛውን ጣት ታነሳለች።

እትዬ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሊደውሉ ስልኩን ያነሳሉ። ቁጥሩን ሲመቱ ጣታቸው ይስታል፤ እንደገና ይመታሉ። ጸጥ ባለው ክፍል የወዲያኛው ስልክ ሲጠራ ይሰማል። ይጠራል። ይጠራል። ማንም አያነሳም።

ልጅቷ ምስክሯን እንደያዘች ቆማለች። የመዳፏ ሙቀት ክዳኑን በጉም ሸፍኖታል።