የእንኳየሁ አውራ ጣት

የወለቃዋ እንኳየሁ ማሰሮ በጆሮው ይታወቃል። ከጆሮው ሥር ሰፋ ያለ የአውራ ጣት ጉድጓድ አለ፤ ጣቱን እዚያ ያሳረፈ ሰው ውኃ ሲቀዳ ማሰሮው አያዳልጠውም። ጎንደር ከተማ ድረስ "የእንኳየሁ ጣት ያለበት" እየተባለ ይፈለጋል።

ልጇ ወንጌላዊት በቀጭን ጣቷ ሳይቀር እናቷን ትመስላለች። ማሰሮውን እስከ አንገቱ ድረስ አሳምራ ትሠራለች። አንገቱና ጆሮው ግን የሚያልቀው እንኳየሁ ጎጆዋን ከውስጥ ዘግታ ነው። ባሏ መሪጌታ ሐብተ ማርያም አብረዋት ገብተው በቃላቸው ዳዊት ይደግማሉ። ጭቃ የሴት ሥራ ነው፤ መሪጌታ እንኳን ሊነኩት፣ በሰው ፊት በአጠገቡ ሲያልፉ ጋቢያቸውን ሰብስበው ነው።

"ምነው አታስተምሪኝ?" ትላታለች ልጅ።

"የእኛ ድርሻ እስከ አንገቱ ነው፣ ልጄ።"

በዚህ ተቀያየሙ። ሳይታረቁም እንኳየሁ ሞተች። ሲገንዟት ወንጌላዊት ያንን ጣት አገላብጣ ሳመችው። ቀጭን ነበር። ሞት እንዲህ ያከሳል ብላ አለቀሰች።

ከአርባው ማግስት አንገት ያልወጣላቸውን ስድስት ማሰሮዎች ጎጆው ውስጥ አሳደረች። ጧት ስትከፍት ሁሉም አንገትና ጆሮ አውጥተዋል። ቀዩ ጭቃ ገና እርጥብ ነው። ከየጆሮው ሥር ያ ጣት አለ።

"እማዬ፣ ይቅር በይኝ" አለች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሣልስቱም። የእናቷ ነፍስ በእሷ የተነሳ አላረፈችም ማለት ነው። ይህ ሐሳብ እህል ከለከላት።

መንገድ ላይ የአባቷ ባልንጀራ አያ አላምረው አገኟት።

"ምነው አባትሽ ከማኅሌት ጠፉ?"

"ኀዘኑ ነው፣ አያ።"

አባቷ ግን በየቀኑ ዶሮ ሲጮህ ይወጣሉ። ለካ የእናቷ መቃብር ላይ ነው የሚቀመጡት ብላ አሰበች።

የዚያን ዕለት ማታ ቆርጣ ነገረቻቸው። "አባቴ፣ ነገ ቄስ መጥተው ጎጆውን ጠበል ይረጩልኛል። ማሰሮዎቹን ሰብሬ ሥራውን እተዋለሁ። እማዬ ትረፍ።"

"ሁሉንም ትሰብሪያለሽ?"

"አንድ አላስቀርም።"

መሪጌታ ጭቃው ወደሚቦካበት ጓሮ ወጡ። ቆይተው ተመለሱና ከገበታው ቀረቡ።

ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ የእጅ መታጠቢያቸው አፉ የተሸረፈ ድስት ነው። እንኳየሁ በሕይወት ሳለች ከእሷ በቀር የባሏን እጅ ማንም አያስታጥብም ነበር። ከሞተች ወዲህም ጓሮ ብቻቸውን ታጥበው ነው የሚገቡት።

ዛሬ ግን ሁለት እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ለልጃቸው ዘረጉላት።

ውኃውን ስታፈስላቸው ከሰፊው አውራ ጣታቸው ላይ ቀይ ሆኖ ወረደ።