ሁለት ሌሊት ከሰው ጋር

«እዚያ ሰው መሀል ሌሊት ቢያመልጣትስ?»

አያትየዋ ይህን ጥያቄ ከንጋት ጀምሮ ቢያላምጡት ቢያላምጡት አልዋጥ ብሏቸዋል። የልጅ ልጃቸው፣ ያቺ ለአቅመ ሔዋን ልትደርስ ምንም ያልቀራት ልጅ፣ ከትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ቡድን ጋር ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው። ሁለት ሌሊት፣ ሴቶቹ ሁሉ በተደረደሩበት አንድ ክፍል።

ልጅቷ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ስታነሳ አዩና እጇን ያዙ።

«ተይ እንጂ! ካልገባ ምን ይወጣል?»

«እማማ ደግሞ! ጤና ጣቢያ ነርሷ ስትናገር አብረሽኝ ነበርሽ። ውሃ ስቀንስ ሽንቴ ይጠነክርና ፊኛዬን ይቆጠቁጠዋል። ቀን በደንብ መጠጣት፣ ሳይዙ ቶሎ ቶሎ መሄድ፣ ወደ ማታ ብቻ ቀነስ ማድረግ። አለቀ።»

«ነርሷ ምን አለባት! አንሶላ አጣቢዋ እኔ!»

ከአፋቸው እንደወጣ ቆጫቸው። ልጅቷ ግን ሳቀች።

«እስቲ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያጠብሽው?» ብላ ጫማዋን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

አያትየዋ ለማስታወስ ሞከሩ። እውነትም ቆይቷል። ይህም አላጽናናቸውም፤ የቆየ ነገር ቀን ጠብቆ ነው የሚመጣው።

በሩ ተንኳኳ። ከቅጥነቷ የተነሳ ሽቦ የሚሏት የቡድን ጓደኛዋ ናት። እጇን ጎትተው አስገቧት፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከአጠገቧ ተኚና ሌሊት ቀስቅሰሽ ሽንት ቤት ውሰጃት። አንዳንዴ አልጋ ላይ ያመልጣታል። ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር!»

የሽቦ ዓይን በትከሻቸው ላይ አልፎ ጓዳው በር ላይ ቀረ። ዞር አሉ። ልጅቷ ጫማዋን አንጠልጥላ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ላንቺው ብዬ እኮ ነው፣ የኔ እናት…»

ሽቦ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔስ እማማ፣ ሲያስነጥሰኝ እንኳ ያመልጠኝ የለ!» አለች። ቀልዷን ይሁን የምሯን አልለየላቸውም። የሳቀ የለም።

ልጅቷ ጫማዋን አጠለቀች። ማሰሪያውን ሳታስር ቦርሳዋን አነሳች። ስትወጣ ሳትስማቸው ቀርታ አታውቅም፤ አያትየዋም እንደ ልማዳቸው ጎንበስ አሉላት።

ልጅቷ በአጠገባቸው አልፋ ሄደች። ሽቦም እየሮጠች ተከተለቻት። በሩ ከተዘጋ በኋላም አያትየዋ ጉንጫቸውን እንዳዘነበሉ ነበሩ።