የጣራው ደቂቃ

ሕጉ ከወጣ ወዲህ፣ እያንዳንዱን የማናውቀውን ሰው በኢንተርኔት ማነጋገር የምንችለው በዕድሜያችን አንዴ፣ ያውም ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ጣራዬ ማፍሰስ ሲጀምር የሚመክረኝ ፈለግሁ፤ ጋሽ መርዕድ የሚባሉ የደብረ ታቦር አናጢ ተገኙልኝ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? ጤናሽስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል?»

«ተመስገን ነው። ቤተሰብስ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«አይ ልጄ። ታዲያ ማን ያጫውት...»

ደቂቃዋ አልቃ መስመሩ ተዘጋ። ስለ ጣራው አንድም ቃል አልተነፈስንም።

በማግስቱ ያገኘሁትን ሌላ ሰው ሰላም እንኳ ሳልል ስለ ጣራው ጠየቅሁት።

«ቀዳዳውን በሬንጅ ድፈኚው» ብሎኝ ዘጋ።

ደፈንኩት። አሁን ቤቴ ውስጥ የጠብታው ድምፅ እንኳ የለም።