የዘይኑ አውራ ጣት

ከዙህር ሶላት በኋላ መብራት ሲመጣ ኢርፋን ተመልሶ ሳይሄድበት ሊጨርስ ቸኩሎ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቆርጠውን ሲኤንሲ ማሽን አስነሳው። ለመድረሳ ልጆች ሽልማት የታዘዙ ትንንሽ የኮምፔርሳቶ ጨረቃዎች ነበር የሚቆርጠው። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ክው አለ። ከሥር አጣብቆ የሚይዛቸውን ፕላስተር ረስቶታል። እንዲህ ያለች ትንሽ ቁራጭ ካልተያዘች፣ ተቆርጣ ስታልቅ መቁረጫው እንደ ጥይት ይወረውራታል።

አንዷም አልተወረወረችም።

አማቹና ሸሪኩ ዘይኑ ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ በር ላይ ተቀምጧል። አምና እንዲህ ያለች ቁራጭ በእጁ ተጭኖ ሲያስቆርጥ ነው ማሽኑ አውራ ጣቱን የወሰደበት። ጣቷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ ወጉ መቃብር ቦታው ዳር የቀበራት ኢርፋን ራሱ ነበር።

«ኢርፋኔ፣ ይሄ የሌለው ጣቴ ዛሬ ምን ነካው? ተጫን ተጫን ይለኛል» አለ ዘይኑ።

«አብሽር፣ ብርዱ ነው» አለው ኢርፋን፣ በዚያ ሙቀት።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየ። በተቆረጡት ጨረቃዎች ላይ የተነጠፈው ሰጋቱራ ተጠቅጥቆ፣ እያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል። መቁረጫው ወደ መጨረሻዋ ጨረቃ ሲጠጋ፣ በላይዋ ያለው ሰጋቱራ ማንም ሳይነካው ስርጉድ አለ።

ዘይኑ ዞር ሳይል፣ ጣት የሌለበትን ቦታ በሌላው እጁ ጭብጥ አድርጎ ጮኸ።

«ሱታ፣ ኢርፋኔ፣ ሱታ! ቀስ በል፣ ሊደርስብኝ ነው!»