ከእንጨቱ ሥር

መሰላል ላይ ቆሜ ካቻቢቴውን ጣሪያችንን የተሸከመው እንጨት ላይ ስሰካው እስከ እጀታው ስምጥ ይላል። ያ አላህ! ስነቅለው ቡናማ ፍርፋሪ ኢስሀቅ አልጋ ላይ ይረግፋል።

«ኑሬ፣ በቁሜ አፈር ልታለብሰኝ ነው?» ይላል ኢስሀቅ። ከትራክተር ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ሳምንቱ ነው፤ እንደ ልቡ አይገላበጥም።

አሠሪያችን፣ ከፊሉ፣ አንድ እግሩን ብቻ በሩ ውስጥ አስገብቶ ቆሟል። የቀለሙን ቆርቆሮ ወደ እኔ ይገፋል። ነገ የሠራተኛ ማደሪያ የሚፈትሽ ሰው ወደዚህ፣ ሳዑዲ ዳማድ፣ ይመጣል።

«ምስጥ ነው። ፍሊት ንፋበትና ቀባው። ያላ!»

ምስጥ! ደሴ ላይ አስራ አንድ ዓመት አናጢነት የሠራሁትን እኔን ምስጥ ሊያስተምረኝ! ምስጥ ቢሆን የጭቃ መንገዱ ይታይ ነበር። ይሄ በእርጥበት የበሰበሰ ነው። በቁመትም በአግድምም ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ ክር ተዘርግቷል፤ ክፍላችን እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል። ውሃው ከየት እንደመጣም እኔም እሱም እናውቃለን። የሱን ሳሎን የሚያቀዘቅዘው ሙከይፍ ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ ጣሪያ ላይ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። እሱ ይቀዝቅዘው፣ እኛ እንበስብስ!

«ባባ፣ ቀለም አያድነውም» እላለሁ። «መጀመሪያ የሙከይፉ ውሃ ወደ ሌላ ይዙር። ከዚያ የበሰበሰው፣ አጠገቡ ያለው ደህና የሚመስለውም ተቆርጦ ይውጣ። የተረፈው ይድረቅ፣ መድኃኒት ይቀባ፤ የተቆረጠው በአዲስ እንጨት ይተካ። እስከዚያ በምሰሶ ልደግፈው።»

«ኸላስ! ምንም አይሆንም አልኩህ። ላዩን አሳምረው።»

ላዩን አሳምሮ ውስጡን ለቄስ! ደሜ ይፈላል። ከመሰላሉ እወርድና የኢስሀቅን ብርድ ልብስ ሰብሰብ አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ አበጃለሁ።

«እሺ ባባ። ምንም ካልሆነ ይግቡና እዚህ ይቀመጡ። እርስዎ ከሥሩ ሻይዎን ሲጠጡ እኔ እቀባለሁ።»

ከፊሉ ቀና ብሎ እንጨቱን ያያል። ያስገባውን እግሩን ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይስበዋል።

«አየኸው?» ይለኛል ኢስሀቅ በአማርኛ።

«አየሁት።»

«ያላ፣ ቀባ!» ይላል ከፊሉ፣ ከውጭ፣ ፀሐዩ ላይ ቆሞ።

አልጋውን በራስጌው ይዤ ኢስሀቅን እንደተኛ ወደ በሩ እጎትታለሁ። ቆርቆሮውን በእግሬ ገፋ አደርገዋለሁ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ኢስሀቅ ብርድ ልብሱን ደረቱ ላይ ይዞ ከፊሉን ቀጥ ብሎ ያየዋል። ከፊሉ ወደ ጎን ብሎ መንገድ ይለቅልናል።