ያልተጋጨ በር

«ቀስ፣ ወንድሜ፣ በሩን እንዳትወረውረው» ይላል መስታወት ገጣሚው፣ ሰፈሩ ሁሉ አባ ቀስታ የሚለው። ባልየው የመኪናውን በር እንደያዘ ባለበት ይቀራል።

«አዲሱ የፊት መስታወት ማጣበቂያው ላይ ተቀመጠ እንጂ ገና አልያዘም። በር ሲጋጭ ውስጥ የታፈነው አየር ወደ ውጭ ይገፋዋል። መስኮቱን ትንሽ ክፍት ተወው፤ እስከ ማታ ንቅንቅ የለም።»

«ሲያዩት የያዘ ይመስላል።»

«መምሰልማ ይመስላል።»

ባልየው ወደ ሚስቱ ዞር ይላል። ጋራዡ በር ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት «እህቴ ቤት አድርሰኝ፣ ለጥቂት ቀን ነው» አለችው። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሻንጣ ግን የጥቂት ቀን ሻንጣ አይደለም፤ ወፍራም ካፖርቷ ሳይቀር ገብቷል። ትመለሻለሽ ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይልና መልሶ ወደ መስታወቱ ይዞራል።

ዓመቱን ሙሉ የመስታወቱን ስንጥቅ ነገ አሠራዋለሁ ሲል ከረመ። የሚያፈሰውን ጣሪያም ነገ። ዛሬ «አንተ ዘንድ ሁሉም ነገር ነገ ነው» አለችና ሻንጣዋን ጭና በሩን ስታጋጨው፣ ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። እህቷ ጋ መሄዱ ቀርቶ እዚህ መጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጋጨቱ አላስደነገጠውም። ሚስቱ ስትናደድ በር ታጋጫለች፤ ካጋጨች ይወጣላታል፣ ማታ «እራት አትበላም እንዴ?» ትለዋለች። በትዳሩ አውቃለሁ የሚለው ይህንን ነው።

«ታክሲ እይዛለሁ» ትላለች አሁን፣ ከጎማው እየተነሳች። የኋላውን በር ከፍታ ሻንጣዋን ስባ ታወጣለች። እሱ ትከሻውን ሰብስቦ ድምፁን ይጠብቃል። ምነው ባጋጨችው ይላል በልቡ፤ መስታወቱ ቢረግፍም ይርገፍ።

በሁለት እጇ ገፋ አድርጋ፣ ጠቅ እስኪል ብቻ ትዘጋዋለች።

«እንዲህ ነው እንጂ» ይላል አባ ቀስታ ደስ ብሎት።

ባልየው ግራ ይገባዋል። ለመስታወቱ አስባ ነው? ለእሱ? ወይስ ንዴቱም አልቆባት ነው? ስንት ዓመት በር ሲጋጭ የሰማ ጆሮ፣ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ከየት አባቱ ያውቃል? ማንንስ ይጠይቃል፣ አባ ቀስታን?

ታክሲ ይቆማል። ጎንበስ ብላ ሾፌሩን ታናግራለች፤ የምትለው አይሰማም። «ቆዪ» ሊላት አፉን ሲከፍት ታክሲው ይነሳል። አቧራው ገለል ሲል ሻንጣዋን እንደያዘች እዚያው ቆማለች።

«ማታ ነው የሚይዘው ያለህ?» ትለዋለች ፊቷን ሳታዞር።

«ማታ ነው።»

«ነገ እንዳትለኝ ብቻ።»

ተመልሳ ጎማው ላይ ትቀመጣለች። ሻንጣውን እግሯ ሥር ታኖረዋለች። እጇን ግን ከእጀታው ላይ አላነሳችም።